እጅህን አሳየኝ፦ በኮባርና በደማም ልጆችን ከርችት አደጋ ለመጠበቅ 8 ደረጃዎች

የዒድ ማታ ነው። ልጁ ከደጅ ገብቶ ለእራት ሲቀርብ ቀኝ እጁን ከኪሱ አያወጣም። እናት ከረሜላ የደበቀ ይመስላትና «ታጥበህ ና» ትለዋለች፤ እሱ ግን በግራ እጁ መጉረስ ይጀምራል። ነገሩ የሚገለጠው ያኔ ነው። የአውራ ጣቱና የሌባ ጣቱ ጫፍ ውሃ ቋጥሯል፤ ከተቃጠለም ሁለት ሰዓት አልፎታል። ርችቱ ያቃጠለው ለቅጽበት ነው። ሁለቱን ሰዓት ያመጣው ግን «ብናገር ይገርፉኛል» የሚለው ፍርሃት ነው።

በአል ዑለያም ሆነ በሌሎቹ የኮባርና የደማም ሰፈሮች ለምትኖሩ ቤተሰቦች ይህ ጉዳይ በዓመት አንዴ መጥቶ የሚሄድ አይደለም። ሁለቱ ዒዶች አሉ፤ ፌብሩዋሪ 22 የሳዑዲ የምሥረታ ቀን፣ ሴፕቴምበር 23 ደግሞ ብሔራዊ ቀን ይከበራል። ብሔራዊ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 13 ገደማ ስለሚውል ከእንቁጣጣሽና ከመስቀል ጋር ይያያዛል፤ ለልጆች ወሩ በሙሉ የእሳት ወር ይሆንባቸዋል። ስለዚህ ትምህርቱን በዓሉ ከመድረሱ ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ጀምሩ። ርችቱ መንጣጣት ከጀመረ በኋላ የሚሰጥ ምክር የሚሰማ ጆሮ አያገኝም።

የሚያስፈልጋችሁ ብዙ አይደለም፦ አንድ ባልዲ፣ አንድ ንጹሕ ሳፋ፣ አሥር ሊትር ያህል የታሸገ ውሃ፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ የምግብ መጠቅለያ ስስ ፕላስቲክ፣ አሮጌ ሹካ፣ የጆሮ መከላከያና ቀን ላይ ግማሽ ሰዓት።

1. መጀመሪያ እናንተ ወስኑ

አባት «አንድ ፍሬ ምን ያደርጋል» ካለ፣ እናት ደግሞ «አይሆንም» ካለች ልጁ የሚሰማው አባቱን ነው። ስለዚህ ከልጁ በፊት ትልልቆቹ ተነጋገሩና አንድ ቃል ላይ ተስማሙ። የምንመክረው ቃል አጭር ነው፦ «እናያለን፤ አንይዝም።»

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ሕጉ ነው፤ በሳዑዲ ያለ ፈቃድ ርችት ማስገባት፣ መሸጥም ሆነ መተኮስ ያስቀጣል። መንገድ ዳር በፌስታል ይዞ በሹክሹክታ የሚሸጥ ሰው የሚያቀርበው ዕቃ በማን እንደተሠራ፣ የት ተከማችቶ እንደቆየ የሚያውቅ የለም። ሁለተኛው ምክንያት ርችቱ የሚለኮስበት ክር ነው። ክሩ አምስት ሰከንድ ይቆይ አንድ ሰከንድ ሻጩም አያውቅም፤ ለመሸሽ የሚተርፈውን ጊዜ የሚወስነው ግን ክሩ ነው።

የተለመደው ስሕተት፦ «እኛም ችቦ ይዘን ነው ያደግነው» ማለት ነው። ችቦ የሚነደው እያያችሁት ነው፤ ነበልባሉ ሲቀርባችሁ ትጥሉታላችሁ። ርችት ግን ባሩዱን በጉያው ይዞ ነው የሚጠብቃችሁ፤ ወዴት እንደሚተኮስም የሚነግራችሁ የለም። አገር ቤትም ቢሆን አዲስ አበባ ፖሊስ በዓል በደረሰ ቁጥር ርችት እንዳይተኮስ ያሳስባል።

2. በቀን፣ በዓይኑ አሳዩት

ልጅ «ያቃጥላል» የሚለውን ቃል ሰምቶ ሰምቶ ሰልችቶታል፤ ሻይም ያቃጥላል፣ በርበሬም ያቃጥላል። ስለዚህ ከመናገር ማሳየት ይሻላል።

አሮጌውን ሹካ እጀታውን በወፍራም ጨርቅ ይዛችሁ ጫፉ እስኪቀላ ድረስ በጋዙ እሳት ላይ አቆዩት። ይህን የምታደርጉት እናንተ ናችሁ፤ ልጁ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ይቁም። ሹካውን ከእሳቱ አውጡና ቅላቱ እስኪጠፋ ጠብቁ። ከዚያ «አሁንስ ቀዝቅዟል?» ብላችሁ ጠይቁት። አብዛኛው ልጅ «አዎ» ይላል። ያኔ ሹካውን ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ክተቱት። «ጭስስ» የሚለው ድምፅ ከአሥር ምክር ይበልጣል።

ቀጥላችሁ አያይዙት። ልጆች በእጃቸው ይዘው የሚያውለበልቡት ብልጭ ብልጭ የሚል ሽቦ ሲነድ ሙቀቱ ከ1000 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ይችላል፤ የሻይ ውሃ የሚፈላው በ100 ነው። ከብልጭታው የባሰ አደገኛው ብልጭታው ካለቀ በኋላ ያለው ጊዜ ነው፤ ሽቦው ጠቁሮ የሞተ መስሎ መሬት ላይ ይወድቃል፤ ባዶ እግሩን የሚሮጥ ልጅ ይረግጠዋል፣ ትንሽ እህቱ ታነሣዋለች። ይህን ሽቦ «የሕፃናት ነው» ብሎ መስጠትም የተለመደ ስሕተት ነው።

ትምህርቱን እንደ ዕድሜያቸው ከፋፍሉት፦

ከአምስት ዓመት በታች ላሉት የሚበቃው አንድ ነገር ነው፦ «ከመሬት አናነሣም።» መሬት ሲመቱ የሚጮኹት በወረቀት የተጠቀለሉ ጠጠር መሳይ ርችቶች ለእነሱ ከረሜላ ናቸው፤ አፋቸው ውስጥ ከመክተት አይመለሱም።

ከስድስት እስከ አሥር ላሉት «ልብስህ እሳት ቢይዝ ምን ታደርጋለህ?» ብላችሁ አለማምዷቸው፦ ቁም፣ ፊትህን በእጅህ ሸፍን፣ ተጋደም፣ ተንከባለል። ሳሎን ምንጣፍ ላይ ሦስት ጊዜ እየተሳሳቁ ይሞክሩት። ሰው ሲደነግጥ ሰውነቱ የሚያስታውሰው የሠራውን እንጂ የሰማውን አይደለም፤ ያልተለማመደ ልጅ ይሮጣል፣ ሩጫው ደግሞ እሳቱን ያራግበዋል።

ከአሥራ አንድ ዓመት በላይ ያሉትን በማስፈራራት አትይዟቸውም። እነሱ ስልክ ላይ አይተው የብዙ ርችት ባሩድ አንድ ጠርሙስ ወይም ቆርቆሮ ውስጥ ለማጠራቀም የሚሞክሩ ናቸው። በግልጽ ንገሯቸው፦ ባሩድ ሲታፈን ኃይሉ ይበረታል፤ የያዘው ጠርሙስም ተሰባብሮ ስለት ይሆናል። ከዚያ ኃላፊነት ስጧቸው፤ የታናናሾቹ ጠባቂ ይሁኑ። አደራ የተሰጠው ልጅ ካልተሰጠው ይልቅ ይጠነቀቃል።

3. ምሕረቱን አስቀድማችሁ ስጡ

ከስምንቱ ደረጃዎች አንዱን ብቻ ስጡ ብንባል ይህን እንሰጣችሁ ነበር። ልጁን ቁጭ አድርጉና እንዲህ ብላችሁ ቃል ግቡለት፦ «ርችት ነክተህ ቢያቃጥልህ ወይም ጓደኛህ ቢጎዳ፣ ሮጠህ ከነገርከኝ አልቆጣህም፣ አልመታህም። የምቆጣህ ከደበቅከኝ ብቻ ነው።»

ለምን? የተቃጠለ ቆዳ ቶሎ ውሃ ካገኘ ጉዳቱ ይቀንሳል፤ በቆየ ቁጥር ሙቀቱ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ዓይን ከሆነ ደግሞ አንድ ሰዓት መዘግየት ብርሃንን ሊያሳጣ ይችላል። ልጁ የሚደብቀው ሕመሙን አይደለም፤ የእናንተን ፊት ነው የሚፈራው።

ቃሉን በጨዋታ አጽኑት። በበዓሉ ሰሞን ከደጅ በገባ ቁጥር «እጅህን አሳየኝ» በሉት፤ እሱም መዳፉን ዘርግቶ ያሳያል፣ እናንተም ትስሙታላችሁ። ከሳምንት በኋላ ልማድ ይሆናል። ስሕተቱ ቃል ገብቶ ማፍረስ ነው፤ አንዴ ነግሯችሁ ከተገረፈ ሁለተኛ አይነግራችሁም።

4. የሌላ ሰው ልጅ የምትጠብቂ ከሆነ

ብዙ እህቶቻችን የበዓሉን ማታ የሚያሳልፉት ከአሠሪያቸው ከማዳም ልጆች ጋር ነው። ትልልቆቹ እንግዳ ሲቀበሉ ልጆቹ ግቢ ውስጥ ወይም ሰገነት ላይ ይቀራሉ፤ አንድ ነገር ቢፈጠር መጀመሪያ የምትጠየቀው አጠገባቸው የነበረችው ናት። ስለዚህ ጉዳዩን ከበዓሉ በፊት አንሺው።

ማዳምን በጥሩ ሰዓቷ፣ ልጆቹ በሌሉበት አነጋግሪያት። ልጆቹ ርችቱን «ጠራጢዕ» ይሉታል፤ መደበኛ ስሙ «አልዓብ ናሪያ» ነው። «ሃዳ ኸጢር» ማለት «ይህ አደገኛ ነው» ማለት ነው። ልጆቹ ርችት ቢይዙ ምን እንድታደርጊ እንደምትፈልግ ጠይቂያት፤ ትነጥቂያቸው ወይስ ትጠሪያት? መልሷን ካወቅሽ በኋላ በችግር ሰዓት አትዋልዪም።

ልጁ «አንቺ ለኩሺልኝ» ቢል እሺ አትበይ፤ ያለ ፈቃድ መተኮሱ የተከለከለ ነው፣ ክብሪቱን የያዘችው እጅ ደግሞ የአንቺ ትሆናለች። ጉዳት ከደረሰ ደግሞ «ሥራዬን አጣለሁ» ብለሽ አትደብቂ። ወዲያው ውሃ አፍስሺበት፣ ወዲያው ጥሪያት። በኋላ የሚጠየቀው «ለምን አልነገርሽም» ነው።

5. ቤቱንና ውሃውን አዘጋጁ

እናንተ ባትተኩሱም ጎረቤት ይተኩሳል። በበዓሉ ዋዜማ ቤቱን እንዲህ ዙሩት፦

ሰገነትና በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ ካርቶን፣ አሮጌ ፍራሽ ካለ አስገቡ። መስኮቶቹን ዝጉ፤ በተለይ መጋረጃው ወደ ውጭ የሚውለበለበውን። ትርፍ የጋዝ ሲሊንደር በረንዳ ላይ ከሆነ ፍንጣሪ ወደማይደርስበት አየር የሚያገኝ ቦታ አዛውሩት። መኪናችሁን ከደረቀ የተምር ዛፍ ሥር አታቁሙ፤ የደረቀው ዝንጣፊ አንዲት ፍንጣሪ ትበቃዋለች። ሸማል የሚሉት የሰሜን ምዕራብ ነፋስ በተነሣ ምሽት ደግሞ ልጆቹ ሰገነት ላይ እንዳይወጡ፤ ነፋሱ የሌላውን ሰፈር ፍንጣሪ ያመጣዋል።

አሁን ወደ ውሃው። ይህን ከሌላ አገር የመጣ መመሪያ አይነግራችሁም። በምሥራቁ የሳዑዲ ክፍል በሙቀቱ ወራት «ቀዝቃዛ» ከተባለው ቧንቧ የሚወርደው ውሃ ሰገነት ላይ ባለው ታንከር ፀሐይ ሲያፈላው የዋለ ነው፤ እጅ አያስገባም። የብሔራዊ ቀን በሚውልበት በመስከረምም ሙቀቱ ገና አልለቀቀም። ልጅ ተቃጥሎ ይህን ውሃ ብትለቁበት በእሳት ላይ እሳት ነው። ስለዚህ ቀድማችሁ ፈትኑት፤ ቧንቧውን ከፍታችሁ በክንዳችሁ ለኩት። ከሞቀ አሥር ሊትር የመጠጥ ውሃ ቤት ውስጥ በጥላ አስቀምጡ። በሙቀቱ ወራት የሻወሩን ማሞቂያ አጥፍታችሁ የምትከርሙ ከሆነ ደግሞ፣ የማሞቂያው ታንክ ቤት ውስጥ ስለሆነ ከሙቁ ቧንቧ የሚመጣው ውሃ ከቀዝቃዛው ሊቀዘቅዝ ይችላል። ይህንንም በክንዳችሁ አረጋግጡ።

በመጨረሻ የሕንፃችሁን የአድራሻ ሰሌዳ በስልክ ፎቶ አንሡ። ሰው ሲደነግጥ የገዛ ቤቱ ቁጥር ይጠፋዋል።

6. ትርኢቱን በወግ እዩት

«አንይዝም» ብላችሁ ከከለከላችሁ «እናያለን» ያላችሁትን መፈጸም አለባችሁ፤ አለዚያ ልጁ መንገድ ዳር ያለውን ይፈልጋል። የሳዑዲ የመዝናኛ ባለሥልጣን በዓል ሲቃረብ ርችት የሚተኮስባቸውን ከተሞችና ሰዓቱን አስቀድሞ ያሳውቃል፤ የኮባር ኮርኒሽ ከታወቁት ቦታዎች አንዱ ነው።

ከሰዓቱ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ሂዱ፤ የመኪናው ሰልፍ ልጆቹን ያሰለቻቸዋል፣ ከሰለቹ ደግሞ እጃችሁን ለቀው ይሮጣሉ። ለመቀመጥ ነፋሱ ከእናንተ ወደ ተኩሱ የሚነፍስበትን አቅጣጫ ምረጡ፤ ጭሱና አመዱ ወደ እናንተ አይመጣም። በተለይ አስም ያለበት ልጅ ካላችሁ ይህን አትርሱ፤ መድኃኒቱንም ያዙለት።

ጆሮንም አስቡ። የዓለም ጤና ድርጅት የድንገተኛ ድምፅ ጣሪያ ብሎ ያስቀመጠው ለአዋቂ 140 ዴሲቤል፣ ለልጅ 120 ነው፤ በቅርብ የሚፈነዳ ርችት ይህን በቀላሉ ያልፋል። ለሕፃን ልጅ ጆሮውን የሚሸፍን መከላከያ አድርጉለት፤ ጥጥ መወተፍ አይበቃም። መከላከያ ከሌላችሁ ራቅ በሉ፤ ከሩቅም ያምራል።

ለእያንዳንዱ ልጅ ስልክ ቁጥራችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ኪሱ ውስጥ ክተቱ። ትርኢቱ ሲያልቅ ሰው ሁሉ እኩል ይነሣል፤ እናንተ ሃያ ደቂቃ ቆዩ። እየቆያችሁም አካባቢውን ቃኙ፤ ሰዎች በግላቸው የሚተኩሱት በዚህ ሰዓት ነው።

7. ያልፈነዳ ካገኛችሁ

በነጋታው ጠዋት ልጆች አሸዋው ላይና ባዶ ቦታዎች ላይ ያልፈነዳ ፍለጋ ይወጣሉ። ክሩ ነድዶ ያልፈነዳ ርችት ሞቷል ማለት አይደለም፤ ውስጡ ገና እየጤሰ ሊሆን ይችላል። ለልጁ የምታስተምሩት ሦስት ቃል ነው፦ አትንካ፣ ራቅ፣ ንገር። ትልቅ ቱቦ መሳይ ነገር ከሆነ እናንተም አትንኩት፤ 911 ደውሉ።

ልጁ ያልተለኮሰ ትንሽ ርችት ከኪሱ ቢያወጣላችሁ መጀመሪያ ስለነገራችሁ አመስግኑት። ከዚያ ውሃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ክተቱና ልጅ በማይደርስበት ቦታ ሳይነካ ይደር። በነጋታው እንደራሰ በፌስታል ቋጥራችሁ ከቤት ውጭ ባለው ቆሻሻ መጣያ ጣሉት። መቀጥቀጥ፣ መክፈት፣ ዳግም መለኮስ ክልክል ነው። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተውም እንዲሁ።

8. ጉዳት ከደረሰ

ቅደም ተከተሉን አጥኑት፤ በዚያ ሰዓት የምታነቡበት ጊዜ የለም።

ቃጠሎ፦ ልጁን ከእሳቱ አርቁ። ቦታውን ለ20 ደቂቃ በቀዝቃዛ ውሃ አቀዝቅዙ፤ ቧንቧው ከሞቀ ያስቀመጣችሁትን ውሃ በሳፋ አድርጋችሁ እየቀያየራችሁ ንከሩለት። በረዶ አታድርጉ፤ ቆዳውን ይብስ ይጎዳዋል። ቀለበት፣ አምባርና ሰዓት ሳያብጥ ቶሎ አውልቁ። ቆዳው ላይ የተጣበቀ ጨርቅ ግን አትንቀሉ። ከዚያ በምግብ መጠቅለያው ፕላስቲክ ወይም በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑ።

ቡና፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ማር፣ ሊጥ፤ አንዱም አይነካው። ሙቀቱን ያፍኑታል፣ ቁስሉን ያቆሽሹታል፣ ሐኪሙም ለማጽዳት ሲል ልጁን ዳግም ያሳምመዋል። ውሃ የቋጠረውንም አታፍርጡ።

ዓይን፦ አታሹት፣ አትጫኑት፣ በውሃ አትጠቡት፣ የተሰካ ነገር ካለ አትንቀሉ፣ ቅባትም ጠብታም አታድርጉ። የወረቀት ኩባያ ቂጡን ቆርጣችሁ ዓይኑን ሳይነካ ዙሪያውን በሚያርፍበት አኳኋን ሸፍኑና ወደ ሆስፒታል።

ደም፦ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ያዙ፤ እጁን ከፍ አድርጉ። ጣት ተቆርጦ ከሆነ በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ ውሃ በማያስገባ ፌስታል ክተቱት፣ ፌስታሉን በረዶ ላይ አስቀምጡ፤ ጣቱ ራሱ በረዶ እንዳይነካው።

እጅ፣ ፊት፣ እግር፣ መገጣጠሚያ ወይም ሐፍረተ ሥጋ ከተቃጠለ፣ ወይም ቃጠሎው ከልጁ መዳፍ ከሰፋ ትንሽ ቢመስልም ሐኪም ይየው። ከፍንዳታ በኋላ ጆሮው የሚጮህበት ወይም የማይሰማ ልጅም እንደዚሁ።

ስልኩ፦ በምሥራቁ ክፍል ለአስቸኳይ አደጋ 911፣ ለቀይ ጨረቃ አምቡላንስ 997። ሰላምታ አታብዙ፤ የት እንደሆናችሁ፣ ምን እንደደረሰ፣ የልጁን ዕድሜ ተናገሩ። አረብኛ የሚከብዳችሁ እነዚህን ያዙ፦ «ጢፍል» ልጅ፣ «ሐርቅ» ቃጠሎ፣ «ሐሪቅ» የተነሣ እሳት፣ «ኢስዓፍ» አምቡላንስ። የመካከለኞቹ ሁለቱ እንዳይምታቱባችሁ፤ አንዱ አምቡላንስ፣ ሌላው የእሳት መኪና ያስመጣል። «ዓይን» ግን በአማርኛም በአረብኛም ያው «ዓይን» ነው፤ እሱን ማንም ይናገረዋል።

በዓሉ ካለፈም በኋላ አንድ ሥራ ይቀራል። በነጋታው ቁርስ ላይ ልጆቹን በየተራ «እጅህን አሳየኝ፣ እጅሽን አሳዪኝ» በሏቸው። ሁለቱንም መዳፍ፣ ገልብጠው። ሁሉም ደህና ከሆነ ስሟቸው። አንዱ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተወ ግን ድምፃችሁን ሳታነሡ ተነሡና ውሃውን አምጡ፤ ጥያቄው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ይደርሳል።